ለበጎ ተብሎ የሚነገር ሐሰት፤ ስለ ክትባት ትምህርትና ስለ ሰው ኅሊና

የዓለም የጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ኮቪድ-19 ዓለም አቀፍ የአስቸኳይ ጊዜ ሥጋት መሆኑ ማብቃቱን ካስታወቀ ወዲህ፣ ስለ በሽታውም ሆነ ስለ ክትባቱ የሚያነሣ ሰው ጥቂት ነው። ሰው ያለፈበትን መከራ ለመርሳት በመቸኮሉ አይወቀስም። ይሁን እንጂ ያ ዘመን ትቶልን ከሄደው ነገር አንዱ ተገቢ መልስ ያላገኘ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። ሰውን ለራሱም ለባልንጀራውም ወደሚበጅ ነገር ለማድረስ ሲባል ከእውነቱ ማጉደል፣ በእውነቱም ላይ መጨመር ይፈቀዳልን? ከሩቅ ሆኖ ለሚመለከት ሰው "አይፈቀድም" ማለት ቀላል ነው፤ በሥራው መካከል የገባ ሰው ግን ያን ያህል አይቸኩልም።

ጥያቄው የሊቃውንት መከራከሪያ ብቻ የሚመስለው ቢኖር ወደ ማክሰኝት ወርዶ ከገበያተኛው ጋር ይነጋገር። ማክሰኝት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ የጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ፣ በስሟም የማክሰኞን ገበያ የተሸከመች ከተማ ናት። በዚያ ከሰማነው ብዙ ቃል አንዱን ብቻ እንጥቀስ። ዕድሜያቸው ከስድሳ ያለፈ አንድ ገበሬ እንዲህ አሉን፦ "አባ፣ አንቱ ይፍረዱ። ስድስቱን ልጆቼን አንድ ሳላስቀር አስከትቤአለሁ። የኮሮናውን ግን እምቢ አልሁ። ያን ጊዜ ያስተማረችን ልጅ 'ያተኩሰዋል፣ ሌሊቱን ያለቅሳል፣ በሁለተኛው ቀን ይተወዋል' አለችን፤ እንዳለችውም ሆነ። በኮሮናው ጊዜ ግን 'ምንም የለውም፣ ምንም አያደርግም' አሉን። ምንም የማያደርግ መድኃኒት ደግሞ የት አገር አለ?"

የእኒህ ሰው ክርክር የመሃይም ክርክር አይደለም። የተቃወሙት መርፌውን ሳይሆን አነጋገሩን ነው። ይበልጥ ያሳሰበን ግን ቀጥለው የነገሩን ሆነ፤ ምራታቸው ለዘጠኝ ወር ሕፃኗ የኩፍኝ ክትባት ቀን በደረሰ ጊዜ "እስቲ ቆይ፣ እንይ" ማለት ጀምራለች። በአዋቂዎች ክትባት ላይ የተነሣው ጥርጣሬ ማንም ሳይጠራው ከሕፃኗ አልጋ አጠገብ ደርሷል ማለት ነው።

የዓለም የጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ባወጡት ግምት፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በሀገራችን ከመደበኛው የሕፃናት ክትባት የመጀመሪያውን መጠን እንኳ ያላገኙ ሕፃናት ከ900 ሺህ በላይ ነበሩ። ከናይጄሪያና ከሕንድ ቀጥሎ ትልቁ ቁጥር የእኛ ነበር። የዚህ ምክንያቱ ጥርጣሬ ብቻ እንዳልሆነ ማንም ያውቀዋል። ርቀት አለ፤ ድህነት አለ፤ በሰሜኑ ክፍል የደረሰው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በክልላችን የተነሣው ግጭት አለ። ሌላም ብዙ ጊዜ የማይነገር ምክንያት አለ። የኩፍኝ ክትባት አሥር መጠን በአንድ ብልቃጥ ይመጣል፤ ብልቃጡ አንዴ ከተከፈተ በ6 ሰዓት ውስጥ ያላለቀው ይደፋል። ስለዚህ ለአንድ ሕፃን ብቻ ብልቃጥ መክፈት ብክነት የሚመስለው ባለሙያ እናቲቱን "ሌላ ቀን ተመለሺ" ይላታል። ሁለት ሰዓት በእግሯ ተጉዛ የመጣች እናት በማግሥቱ ሁለተኛ አትመጣም። እንግዲህ መንገዱ በእንዲህ ያለ መሰናክል የተሞላ ከሆነ፣ መተማመንን የሚያህል ነገር በዚያ ላይ ማጉደል ምን ያህል ከባድ እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

መተማመኑ በአንድ ቀን የተገኘ አልነበረም። ክትባት የሚለው ቃል ራሱ ለሕዝባችን ከመርፌው ይቀድማል። ከተበ ማለት ጻፈ ማለት ነው፤ ቆዳን በጥቶ መድኃኒት አገባ ማለትም ነው፤ በአንገት የሚንጠለጠለው ክታብ የዚሁ ቃል ዘመድ ነው። አባቶቻችን ፈንጣጣ ቀለል አድርጎ ከያዘው ሰው ቁስል ጥቂት መግል ወስደው በጤነኛው ክንድ ላይ በጥተው ያገቡ እንደ ነበር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ሀገራችን የመጡ ተጓዦች ጽፈዋል። በሽታው ቤተ መንግሥትንም አይፈራም ነበር። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር በደረሰ ጊዜ ፈንጣጣ ከእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ ገብቶ ነበር፤ የመኳንንቱን ልጆች እንዲያክም ተጠይቆም በርና መስኮቱን አስከፍቶ አየር አስገባ፣ ቤቱንም በዕጣንና በከርቤ አሳጠነ።

ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1963 ዓ.ም. የፈንጣጣ ማጥፊያ ዘመቻ በኢትዮጵያ ሲጀመር፣ ከታቾቹ በሰሜኑ ደጋ በብዙ ስፍራ ተቃውሞ ገጠማቸው። ይህንን ተቃውሞ አንዳንዶች እስከ ዛሬ የድንቁርና ምልክት አድርገው ያወሩታል። እኛ ግን እንደዚያ አናየውም። በሀገራችን ይዛመት የነበረው ፈንጣጣ በአብዛኛው ቀለል ያለው ዓይነት ሲሆን፣ ሕዝቡም የራሱ ከታቢዎች፣ የራሱም ክትባት ነበረው። ልማዱ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት፤ በዚያ መንገድ የተከተበው ሰው እውነተኛውን ፈንጣጣ ስለሚይዝ ለጎረቤቱ ያስተላልፋል። አስተማሪ ሆኖ የቀረበ ሰው መጀመር የነበረበት ከዚህ ነው። "ምንም አታውቁም" ሳይሆን "የምታውቁት ልክ ነው፤ ነገር ግን ይህ ጉድለት አለበት፣ ይኸኛው የለበትም" ቢል ኖሮ ብዙ ድካም በቀረለት። ያም ሆነ ይህ ሥራው በትዕግሥት ተፈጽሞ፣ በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. በደቡብ ምሥራቁ ቆላ ተመዘገበ። ከዚያ ወዲህ በሀገራችን በፈንጣጣ ዓይኑ የጠፋ፣ ፊቱ የተበላሸ ሕፃን አልታየም።

ለጎንደር አካባቢ ሌላም ትምህርት ቤት ነበረው፤ እርሱም ሞት ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ፈጀ። በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተቋቋመው ይህ እልቂት ባስከተለው ድንጋጤ ነው። ተማሪዎቹም ወደ ቆላድባና ወደ ሌሎች የገጠር ስፍራዎች ወጥተው ከሕዝቡ ጋር እየኖሩ ሥራ ይለማመዱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 መደበኛው የሕፃናት ክትባት ሲጀመር በስድስት በሽታዎች ላይ ነበር፤ በኩፍኝ፣ በትክትክ፣ በመንጋጋ ቆልፍ፣ በዘጊ አናዳ፣ በልጅነት ልምሻና በሳንባ ነቀርሳ። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከየመንደሩ ተመርጠው፣ ሠልጥነው፣ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተመደቡ። ገበሬው "ያስተማረችን ልጅ" ያሉት እንዲህ ያለችውን ነው። እርሷን ያመኗት የዲፕሎማዋን ማኅተም አይተው አልነበረም። "ያተኩሰዋል" ብላ አተኮሰው፤ "ይተወዋል" ብላ ተወው። መተማመን የሚገነባው እንዲህ ነው፤ አስቀድሞ በተነገረ ትንሽ ክፉ ነገር።

አሁን ወደ ኮቪድ እንመለስ። በሽታው በሀገራችን መጀመሪያ የተረጋገጠው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ክትባቱ በአዲስ አበባ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ተጀመረ። ከስድስት ቀን በፊት በኮቫክስ አማካይነት የደረሰው 2.2 ሚሊዮን ገደማ የአስትራዜኔካ ክትባት ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የተላከ የመጀመሪያው ድርሻ ነበር። ነገር ግን ከዚሁ ዕለት ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ዴንማርክ ይኸንኑ ክትባት የደም መርጋት አስከትሏል በሚል ሥጋት አግዳው ነበር፤ በቀጣዮቹ ቀናት ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣልያን ተከተሉ። መጋቢት 9 ቀን የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ድርጅት ጥቅሙ ከጉዳቱ እንደሚበልጥ አስታወቀ፤ በኋላም የደም መርጋቱ እጅግ አልፎ አልፎ የሚከሰት፣ ነገር ግን እውነተኛ የጎንዮሽ ጉዳት መሆኑ ተረጋገጠ። ወሬው በሬዲዮና በእጅ ስልክ ጎንደር ለመድረስ አንድ ሰዓት አልፈጀበትም። በዚያው ወር ሕንድ የራሷ ሕዝብ ስለ ተጨነቀባት ክትባቱን ወደ ውጭ መላክ ስታቆም፣ የመጀመሪያውን መጠን ወስዶ ሁለተኛውን የሚጠብቀው ሰው ቀኑ አለፈበት። የበለጸጉት አገሮች ለሕዝባቸው ከሚበቃው በላይ አስቀድመው ገዝተው ማስቀመጣቸው ደግሞ ራሱን የቻለ የፍትሕ ጥያቄ ነው፤ እርሱን ለሌላ ጊዜ እናቆየው።

እንግዲህ በዚያ ሳምንት በጤና ኬላ የቆመች ባለሙያ ምን ትበል? "ምንም አያደርግም" ማለት ቀላሉ ነው። ሰውን ማዳን ፈልጋ እንጂ ክፋት አስባ እንዳላለችው እናምናለን። በላይዋ ዕቅድ ተጥሎባታል፤ በሳጥኑ ያለው ክትባት ቀኑ ያልፋል፤ ሕዝቡ ይጠራጠራል። ይሁን እንጂ ዝምታ አንድ ነገር ነው፤ ማቅለል ሌላ ነው፤ ሐሰት ደግሞ ሦስተኛ ነው። አስተማሪ የሚያውቀውን ሁሉ እንዲዘረግፍ አይጠየቅም፤ እናት ለልጇ እንደምታደርገው ነገሩን ቢያልምላቸው የተገባ ነው። የተጠየቀውን በሐሰት መመለስ ግን ማላም አይደለም።

ቅዱስ አውግስጢኖስ በዚህ ጉዳይ ሁለት መጻሕፍት ጽፏል፤ አንዱን ጳጳስ ሳይሆን፣ ሁለተኛውን በ420 ዓ.ም. ገደማ። በሁለተኛው ውስጥ እኛን የሚመስል ምሳሌ ያነሣል። ለሞት የሚያሠጋ ሕመም የያዘው አባት አለ፤ አንድ ልጁ ሞቷል፤ አባትየው ግን አልሰማም። "ልጄ ደኅና ነውን?" ብሎ ቢጠይቅህ ምን ትመልሳለህ? እውነቱን ብትነግረው ሊሞት ይችላል። አውግስጢኖስ ነገሩ ልቡን እንደሚከፍለው ሳይሸሽግ፣ ለሥጋ ሕይወት ሲባል የተፈቀደው ሐሰት ወሰኑ የት እንደሚቆም ማንም ሊያሳየን እንደማይችል ያስረዳል። እርሱ ከጻፈ በኋላ አንዳንድ ሊቃውንት ፍርዱን እጅግ ጥብቅ አድርገው አይተውታል። እኛም በዚያ የሕመምተኛ ቤት ቆመን ቢሆን ኖሮ ምን እንደምንል መናገር አይቀለንም። በሕዝብ ጤና ትምህርት ላይ ግን የአውግስጢኖስ ፍርድ የበለጠ እንጂ ያነሰ የሚጸና አይደለም። የሕመምተኛው አባት ሐሰት ከአንድ ቤት አትወጣም፤ በጤና ኬላ የተነገረች ሐሰት ግን ከአንድ የጋራ ጎተራ ትወስዳለች። በዚያ ጎተራ ያለው መተማመን የኮቪድ ብቻ አይደለም፤ የኩፍኙም፣ የልጅነት ልምሻውም፣ ለልጃገረዶች የሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር ክትባትም የሚመገቡት ከዚያው ነው። ለአንዱ ዘመቻ ሲባል የተዛቀው እህል ለሌላው ይጎድላል። ያጎደለውና የሚራበው ደግሞ አንድ ሰው አይደለም፤ የሚራበው የዘጠኝ ወር ሕፃን ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለው የአበው ቃል ለተናጋሪው ማስጠንቀቂያም ነው፤ እውነቱ በጠራ ጊዜ እርሱ የት ይቆማል?

ክትባቱ መተላለፍን ፈጽሞ ያግዳል የሚለው ተስፋም እንዲሁ ሆነ። በኋላ የመጡት የቫይረሱ ዝርያዎች የተከተበውንም ይይዙ፣ በእርሱም ይተላለፉ ጀመር፤ ክትባቱ ከጽኑ ሕመምና ከሞት የመከላከል ኃይሉ ግን ጸና። "ከተከተብህ ከቶ አይዝህም" የተባለው ሰው በያዘው ጊዜ ያታለሉት መሰለው። "ቢይዝህም እንዳይገድልህ ይረዳሃል" የተባለው ግን ሲይዘው ነገሩን አስታወሰ።

ደግሞም የዚህ ክትባት ጥያቄ ከሕፃናቱ የሚለይበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱን በግልጽ መናገር ይገባ ነበር እንላለን። ሕዝባችን በአብዛኛው ወጣት ነው። በሽታው ይበልጥ የሚገድለው ሽማግሌውንና ሌላ ሕመም ያለበትን ነው። ስለዚህ ለሃያ ዓመቱ ጎልማሳ "ሞት ደጅህ ቆሟል" ብሎ ማስፈራራት ሙሉ እውነት አልነበረም። እውነቱ "አንተ ሳትከተብም ትድን ይሆናል፤ ከአንተ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩት አያትህ ግን ላይድኑ ይችላሉ" የሚለው ነበር። ይህ ንግግር ከማስፈራራት ይልቅ ደካማ ይመስላል። ነገር ግን የሚጠይቀው ፍርሃትን ሳይሆን ፍቅርን ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ባስተላለፉት መልእክት መከተብን የፍቅር ተግባር ሲሉ የገለጹት ከዚህ የተነሣ ነው። የፍቅር ተግባር ከሆነ ደግሞ ባሕርዩን ልብ ማለት ያሻል፤ ፍቅር በማታለል ከሰው እጅ አይወሰድም። ተታልሎ የሰጠ ሰው አልሰጠም፤ ተወሰደበት እንጂ።

ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። ካቶሊካውያን ምእመናን ስለዚህ ክትባት የጠየቁን አንድ ከባድ ጥያቄ ነበር፤ ከተወረደ ፅንስ ጋር ግንኙነት አለውን? ለዚህ "የለውም" ብሎ ማለፍም እንደዚሁ ለበጎ የተነገረ ሐሰት በሆነ ነበር። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ በሆላንድ ከአንድ ፅንስ ኩላሊት የተወሰደ ሕዋስ በቤተ ሙከራ እየተባዛ እስከ ዛሬ ለምርምር ያገለግላል። የአስትራዜኔካ ክትባት ይመረት የነበረው በዚህ የሕዋስ ዘር ላይ ነው፤ ሌሎቹ ለሙከራ ብቻ የተጠቀሙበት አሉ። በክትባቱ ውስጥ የፅንስ አካል አለ ማለት ግን አይደለም። የእምነት አስተምህሮ ጉባኤ ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ዓ.ም. ባወጣው ማስታወሻ፣ ሌላ ነቀፋ የሌለበት ክትባት በማይገኝበት ጊዜ ይህንን መቀበል በግብረ ገብ የተፈቀደ መሆኑን፣ ተቀባዩ ከቀድሞው ክፉ ሥራ ጋር ያለው ትስስር እጅግ የራቀ መሆኑን፣ መቀበሉም ፅንስ ማስወረድን ማጽደቅ አለመሆኑን አስተማረ። ይኸው ማስታወሻ መከተብ በጠቅላላው የግብረ ገብ ግዴታ አለመሆኑንና በፈቃድ መሆን እንዳለበት ገልጾ፣ ስለ ኅሊናው እምቢ የሚል ሰው ግን በሽታውን ለሌላው እንዳያስተላልፍ በሌላ መንገድ ሁሉ የመጠንቀቅ ግዴታ እንዳለበት ያክላል።

ይህ አዲስ ትምህርት አይደለም። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ወደ ቆሮንቶስ በላከው መልእክት ለጣዖት ስለ ታረደ ሥጋ የጻፈውን የሚያስታውስ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በገበያ የሚሸጠውን ሥጋ ከየት መጣ ብሎ ሳይመራመር የሚበላ ክርስቲያን በጣዖቱ አልተካፈለም። ነገር ግን ሐዋርያው በዚህ አያቆምም፤ ኅሊናው ደካማ የሆነው ወንድም በሥጋው ምክንያት እንዳይሰናከል መጠንቀቅንም ያዝዛል። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን ይዘን ሁለተኛውን ጥለናል። "ተፈቅዷል፤ ምን ትጨነቃለህ?" ብሎ በወንድም ኅሊና ላይ መሣቅ የጳውሎስ መንገድ አልነበረም።

በሌላውም ወገን የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ጥንቃቄ ጎድሏቸው ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2014 የኬንያ ጳጳሳት በመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ውስጥ ሴቶችን የሚያመክን ነገር ተቀላቅሏል የሚል ሥጋት በአደባባይ አሰሙ፤ መንግሥትና የዓለም የጤና ድርጅት አስተባበሉ። ጳጳሳት ስለ መንጋቸው ደኅንነት መጠየቃቸው መብታቸው ነው። ነገር ግን ምርመራው ሳይጠራ ከመንበር የተነገረ ቃል እንደ ጥያቄ አይሰማም፤ እንደ ፍርድ ይሰማል። በ2021 እ.ኤ.አ. ጥቂት የኬንያ ካቶሊክ ሐኪሞች የኮቪድን ክትባት በተቃወሙ ጊዜ እነዚያው የኬንያ ጳጳሳት ክትባቱ የተፈቀደ መሆኑን ለምእመናን ማሳወቃቸውን ደግሞ በአክብሮት እናነሣለን።

እኛ በጎንደር ምድር የምንኖር ካቶሊካውያን ስለ ማስገደድ ለመናገር ከሌላው የበለጠ ምክንያት አለን። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት ከተቀበሉ በኋላ፣ በተለይም ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ከመጡ ወዲህ፣ እኛ እውነት ነው ብለን የምንይዘው እምነት በአዋጅና በሰይፍ በሕዝቡ ላይ ተጫነ። ደም ፈሰሰ። በ1632 ንጉሡ አዋጁን ሻሩ፤ ልጃቸው አፄ ፋሲለደስም ሚሲዮናውያኑን አስወጡ። ከዚያም ሰማንያ ዓመት ቆይቶ፣ በ1716፣ ሦስት ፍራንቸስካውያን ካህናት፣ ብፁዓን ሊበራቶስ ቫይስ፣ ሳሙኤል ማርዞራቲና ሚካኤል ፒዮ ፋዞሊ፣ በጎንደር በድንጋይ ተወግረው ሲሞቱ፣ ሰይፍ ያልያዙት የዚያን ሰይፍ ዕዳ ከፈሉ። በኃይል የተሰጠ እውነት ለትውልድ ትውልድ የሚተላለፍ ጥርጣሬ ይወልዳል፤ ይህንን ለማወቅ እኛ ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ስለ ሃይማኖት ነጻነት ባወጣው መግለጫ፣ እውነት ራሱን የሚያሳምነው በራሱ በእውነቱ ኃይል ነው ብሎ ሲያስተምር የዚህን ዓይነት ታሪክ የሚያውቅ ቤተ ክርስቲያን ቃል ነው። ስለዚህ ካህን በመንበር ቆሞ ስለ ክትባት ሲናገር ከሚያውቀው በላይ አንዲት ቃል መጨመር የለበትም፤ የሚያውቀውንም መሸሸግ የለበትም።

እስከዚህ ያልነው ሰው ስለ ራሱ ሥጋ ስለሚወስነው ነው። ቅዱስ ቶማስ እንደሚያስተምረው ኅሊና ተሳስቶ እንኳ ባለቤቱን ያስረዋል፤ የኅሊናውን ድምፅ ጥሶ የሚሠራ ሰው ይበድላል። ነገር ግን ስሕተቱ በቸልታ የመጣ ከሆነ ከበደል አያድነውም፤ መጠየቅ ሲችል ያልጠየቀ ሰው አለማወቁን መሸሸጊያ ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ እኒያን ገበሬ "እምቢ ማለትዎ መብትዎ ነው" ስንላቸው፣ "ነገር ግን ጠይቀዋልን?" ብለንም ጠየቅናቸው። እርሳቸውም "ማንን ልጠይቅ? የሚመልስልኝ ሰው አላገኘሁም" አሉ። ለዚህ መልስ አልነበረንም።

የሕፃኗ ነገር ግን ሌላ ነው። ወላጅ የልጁ ባለቤት አይደለም፤ ጠባቂ ነው። ኩፍኝ ደግሞ ለጥርጣሬ ጊዜ የሚሰጥ በሽታ አይደለም። አንድ ሕመምተኛ ክትባት ላላገኙ ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱ ሰዎች ያስተላልፋል፤ መንደርን በሙሉ ለመጠበቅ ከመቶ 95 ያህሉ መከተብ አለበት። ከዘጠኝ ወር በታች ያሉት፣ ክትባቱን ገና ሊወስዱ የማይችሉት፣ የሚጠበቁት በሌሎቹ መከተብ ነው። በዚህ ላይ የጥንቱ ክትባት ደኅንነት በብዙ አሥርት ዓመታት ተፈትኗል። ስለዚህ የአዋቂውን እምቢታ የምናከብርበት ምክንያት ለሕፃኗ አይሠራም ብለን እናምናለን። ምራቲቱም ብትጠይቀን የምንላት ይኸው ነው፤ ከተከተበች በኋላ ባሉት ቀናት ልታተኩስ፣ ጥቂት ሽፍታም ሊወጣባት እንደሚችል፣ በ15ኛው ወር ደግሞ ሁለተኛውን መጠን ለማስከተብ መመለስ እንዳለባት ጭምር።

በሕመምተኞች መካከል የሚሠሩ፣ በተለይም በቤተ ክርስቲያን ክሊኒኮች የሚያገለግሉ ወንድሞችና እኅቶች ነፃነታቸው እንደ ገበሬው የሰፋ ነውን? በዚህ ላይ የተለያየ አሳብ ሰምተናል። እኛ አይደለም እንላለን፤ በፈቃዱ ከደካሞች አጠገብ ለመቆም የመረጠ ሰው ሊጎዳቸው የሚችለውን ነገር አስቀድሞ የመተው ግዴታን አብሮ መርጧል። እምቢ ካለም ሥፍራውን ለሌላ ይልቀቅ እንጂ፣ ተከተብሁ ብሎ ወረቀት አያሳይ። በዚያ ዘመን ያልተከተቡ ሰዎች የተከተቡ መሆናቸውን የሚያሳይ ካርድ ያወጡ እንደ ነበር በየቦታው ተሰምቷል፤ ከእነርሱም መካከል የእኛ ምእመናን የሉም ለማለት አንደፍርም።